«እንዳላያችሁኝ ሁኑ»

ፎቶ አንሺዎች ከሚሰጡት ትእዛዝ ሁሉ «እንዳላያችሁኝ ሁኑ» የምትለዋን ያህል የሚከነክነኝ የለም።

እስቲ አስቡት። አንድ ጎልማሳ ሁለት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ኪሱን በባትሪ ሞልቶ፣ ከሙሽሮች ፊት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አቧራው ውስጥ በደረቱ ተኝቷል። ከጎኑ አክንባሎ የሚያክል ብርማ ነገር ይዞ የጨርጨርን ፀሐይ ሙሽሪት ዓይን ውስጥ የሚጨምር ረዳት አለ። ከኋላቸው ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች፣ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮችና አንዲት ፍየል ቆመው ያያሉ። ይኼኔ ሰውየው ከተኛበት ቀና ይልና «ዘና በሉ! እኔን እንዳላያችሁኝ ሁኑ! ኖርማል!» ይላል።

ኖርማል የሆነ ሰው እኮ ፊቱ ሰው በደረቱ ሲተኛ «ምነው፣ ምን ጠፋብህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። ያንን ብርማ ነገር የሚይዘው ሰው እኔ ነኝ። ጭሮ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጅ አለኝ፤ በሰርግ ሰሞን ረዳቶቹ ወይ ይታመሙበታል ወይ ራሳቸው ያገቡበታል። ያኔ እኔ እጠራለሁ። ለሥራው የሚያስፈልገው ክንድ ዘርግቶ መቆምና አፍ መዝጋት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን በደንብ እችላለሁ።

ጭሮን ለማያውቅ ሰው ላስተዋውቅ። የድሮ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከሚኤሶ ቆላ ዳገቱን ጨርሶ ለሚመጣ ሰው ተራሮች መሐል ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከጣሊያን ወረራ በፊት አካባቢውን፣ ጨርጨርን፣ ሲገዙ፣ ሞዴል አውራጃ ላድርጋት ብለው ብዙ ደክመውበታል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ ሰርገኛ ዋናውን አስፋልት ዘግቶ ሲጨፍር ከኋላው የተሰለፈውን ከባድ መኪና ቢያዩ አንድ ደንብ ሳያወጡ አይቀሩም ነበር። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ለዚህ አይሰንፉም።

ለፎቶ ግን ከተማችን አትመችም ይላሉ። ሐዋሳ ሐይቅ አላት፣ ባሕር ዳር ጣና አላት፣ አዲስ አበባ በየሰፈሩ የተከረከመ ሣር አላት። እኛ ያለን ተራራ፣ እርከን፣ ማሽላ፣ ጫትና መታጠፊያ ነው። ወዳጄ መታጠፊያዎቹን ሁሉ በስም ያውቃቸዋል፤ የትኛው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩ ብርሃን እንዳለው፣ የትኛው ላይ ደግሞ መኪና ፍሬን እንደሚበጥስ።

የዘንድሮ ሙሽሮች ወደ ፎቶ ቤቱ ሲመጡ የሚናገሯት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አንድ ናት፤ «ከሰው የተለየ እንፈልጋለን»። ከዚያ ሙሽራው ስልኩን ያወጣና ያ ከሰው የተለየው ምን እንደሚመስል ያሳያል። ባለፈው ሳምንት የመጡት ጥንዶች ያሳዩት ቪዲዮ ነው። ከነሱ በፊት የመጡትም ያሳዩት እሱኑ ነው። ባለ ቀለም ጭስ፣ ወደ ሰማይ የሚወረወር ሚዜ፣ ድሮን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው በስልክ ዘመን ቢሆን ኖሮ፣ አሟሟቷንም ድሮን ይቀርጸው ነበር።

የምር የተለየ ነገር የሚመጣው ልዩ ለመሆን ካልተጨነቀ ሰው ነው።

ከገለምሶ በኩል የመጣ አንድ ጫት ነጋዴ ሙሽራ ነበር። «ሊሞ ምናምን አልፈልግም። ሰው ያደረገኝ አይሱዙዬ ነው፤ በሱ ነው የምታጀበው» አለ። ወዳጄ ደስ አለው። አይሱዙው ታጠበ፣ አበባ በአበባ ሆነ፣ የሁለቱ ስም በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ጨርቅ ከፊቱ ተወጠረ። ፕሮግራሙ ሙሽሪትን ከቤቷ አውጥቶ መኪናው ላይ ፎቶ ማንሳት ነበር።

ሙሽሪት ዘገየች። ሙሽራ ካልዘገየች ምኑን ሙሽራ ሆነች? በዚህ መሐል የሙሽራው ስልክ ጮኸ። ጫቱ ተቆርጧል፣ ታስሯል፣ መኪና ይጠብቃል። የጫትን ጠባይ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ ከተቆረጠ ጀምሮ ሩጫው ከሰዓት ጋር ነው፣ የጠወለገ እንደሆን ፍየልም ተጠይፋው ትሄዳለች። ሙሽራው ግራ ቀኙን አየ። ወዳጄ «ትንሽ ታገሡ አትላቸውም?» አለው።

«አቦ ምን ነካህ! ሙሽሪት ብትዘገይ ሽማግሌ ይላካል፤ ጫት ቢዘገይ ማን ይላካል?»

አይሱዙው ከነአበባው ሄደ። ሙሽሮቹ በተከራዩት ነጭ መኪና ተነሥተው ከሰው ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት ፎቶ ተነሡ። ሁለቱ ስሞች ግን ባለቤቶቻቸውን ጥለው፣ በወርቃማ ቀለም እያበሩ፣ ሌሊቱን አዲስ አበባ ገቡ።

ሌላው ባለ ባጃጅ ነው። ማኅበርተኞቹ ባጃጆቻቸውን በሪባን አስውበው አጀቡት፤ ከተማው በሙሉ ጥሩንባ ሆነ። ሙሽራው ግን ከኋላ መቀመጥ አሻፈረኝ አለ። ባጃጁን ለማን አምኖ ይሰጣል? ራሱ ነዳ። ሙሽሪት ከቬሎዋ ጋር ከኋላ ገባች፤ የተረፈው ቬሎ በግራም በቀኝም ወጥቶ አንደኛ ሚዜዋ እየሮጠች ትሰበስበዋለች። እኛ ከፊት ባለችው ባጃጅ ወደ ኋላ ዞረን እንቀርጻለን። ወዳጄ እንደ ልማዱ ጮኸ፤ «ዘወር ብለህ እያት! እኛን እንዳላየኸን ሁን!»

«አቦ ቁልቁለት ነው!» አለ ሙሽራው።

ከዚያ ሰርግ የተረፈው ምርጥ ፎቶ እሷ በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ የምትታይበት ነው። እሱ የሚያየው አስፋልቱን ነው። ትዳር ገብቶታል ብዬ አሰብኩ፤ አፌን ለመዝጋት ተስማምቼ ስለነበር ግን አልተናገርኩም።

ሚኤሶ ወርደንም እናውቃለን። ያን ቀን የያዝናቸው ጥንዶች ባቡር ሐዲድ ላይ መነሣት ፈለጉ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አጥር አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ደግሞም ባቡር አለው። ስለዚህ ወደ ድሮው ሄድን፤ ፈረንሳዮቹ ዘርግተውት በ1909 አዲስ አበባ ወደ ደረሰው፣ ዛሬ ሣር ወደ በቀለበት ሐዲድ። ሙሽሪት ቬሎዋን ዘረጋች፣ ሙሽራው ሻንጣ ይዞ ወደ ሩቅ አየ፣ እኔ ብርማዬን ዘረጋሁ።

ግመሎች የሚነዱ አንድ አዛውንት መጡና ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩን። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሰውን ላለማሳዘን በሚጠነቀቅ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ ይኼኛው እኮ ከቆመ ቆይቷል። የነገራችሁ ሰው የለም?» አሉ።

ሙሽራው ሻንጣውን ጣለ። ሙሽሪት በሳቅ ሐዲዱ ላይ ተቀመጠች። አዛውንቱ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም፤ አዲሱ ጣቢያ በየት በኩል እንደሆነ በበትራቸው አሳይተው፣ ቬሎውን እንደገና አየት አድርገው፣ «ለባቡር ይህን ያህል አይለበስም» ብለው ግመሎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ወዳጄ ያን ሁሉ ጊዜ ሳያቋርጥ ሲያነሳ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ጥርስ የሚታይበት ሳቅ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ያሳቁት ግን ባለ ግመሉ ናቸው፣ ክፍያውን የተቀበለው ወዳጄ ነው።

የፎቶ አንሺ ገቢ በክረምትና በበጋ አይደለም የሚለካው፤ በጾም ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር የመኸር ወር ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያም እንዲሁ። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያኑ አይሰርግም። ያኔ ሙስሊሙ ይደርሳል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ በተራው ክርስቲያኑ። ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው በሁለት ጡት የሚጠባ ጥጃ ነው ይባል ነበር። በ2017 ግን ሁዳዴም ረመዳንም በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ገቡ። ወዳጄ ያን ሰሞን ሁለቱንም ጾመ ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ በሙስሊም ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ውስጥ እሱም እኔም አንገባም። ለዚያ የእህቱን ልጅ አሠልጥኗል። ልጅቷ ካሜራውን ይዛ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ እኛ ከወንዶቹ ጋር ሆጃ እየጠጣን እንጠብቃለን። ከውስጥ ዘፈን፣ እልልታ፣ ጭብጨባ ይሰማል። እዚህ ውጭ ሽማግሌዎቹ በርጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የሰርግ ድምቀት ሁሉ ከበሩ ወዲያ ማዶ ነው። ልጅቷ ከሰዓታት በኋላ ላቧን እየጠረገች ትወጣና ወዳጄ «እንዴት ነበር?» ሲላት «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰርግ አይተህ አታውቅም» ትለዋለች። አላየምም። ፎቶዎቹንም ራሷ ናት የምታርማቸውና የምታስረክባቸው። ዘንድሮ የሴቶቹን ክፍል ዋጋ ከፍ አድርጋለች።

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልመለስ። «እንዳላያችሁኝ ሁኑ» የሚባለው ነገር ከየት መጣ?

የድሮ ፎቶ አንሺ እንዲህ አይልም ነበር። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት ነገሥታት ፊት ካሜራ ሲያቆሙ፣ ንጉሥን «እንዳላየኸኝ ሁን» ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ንጉሡ ያያል። ሌንሱን እንደ ባለጉዳይ ቀጥ ብሎ ያየዋል። ሎሌውም ፎቶ ቤት ሲሄድ እንደ ንጉሡ ነበር የሚያየው። ያኔ ፎቶ መነሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ገላ ይታጠባሉ፣ ነጠላ ይታጠባል፣ ሰዓት ከጎረቤት ይለመናል፣ ኮትና ክራባት ፎቶ ቤቱ ራሱ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያውሳል። ያ ኮት የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ያውቃል። ሚስት ወንበር ላይ፣ ባል ከኋላ ቆሞ እጁን ወንበሩ ላይ (ትከሻዋ ላይ አይደለም፣ ወንበሩ ላይ)፣ በመሐል የፕላስቲክ አበባ። ከዚያ ትንፋሽ መያዝ ነው።

ናፍቆት ገበየሁ፣ ወንጌል አበበና ፊሊፕ ሹትዝ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ብለው በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙትን መጽሐፍ ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶዎች ናቸው። ሰዎቹ ያዩሃል። አንተ ገጹን ስትገልጥ ሌላኛው ያይሃል።

ከሰርግ ሌላ ዛሬ ለፎቶ የምንጠራበት የጋብቻ ኢዮቤልዩም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንና ወይዘሮ መነን የተጋቡት ሐምሌ 1903 ነው። በ1953 የጋብቻቸው የወርቅ ኢዮቤልዩ ሲከበር፣ ንጉሠ ነገሥትና እቴጌ ሆነው፣ የሁለቱ ምስል ያለበት ቴምብር ታተመ። የዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ መንግሥታቸውን ሊገለብጡ የተነሡ ነበሩ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ የሃምሳ ዓመት ሙሽሮች ሆኑ። እቴጌ መነን በቀጣዩ ዓመት በየካቲት ዐረፉ። ቴምብሩ ግን ደብዳቤ ላይ እየተለጠፈ አገር ለአገር ዞሯል፤ ባልና ሚስት ሆነው በየፖስታ ቤቱ ማኅተም ተመትተዋል። ከእነሱ ቀድመው ምኒልክና ጣይቱ በ1875 አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ሲጋቡ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፤ ያየ አየ፣ ያላየ ሰማ።

ዛሬ በጭሮም በሂርናም በበደሳም ኢዮቤልዩ ገብቷል። ያመጡት ልጆች ናቸው፤ በተለይ ውጭ ያሉት። ወላጆች በገዛ ፈቃዳቸው «የተጋባንበትን ቀን አክብሩልን» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቻቸው የደረሱላቸው ባልና ሚስት ዘግይተው ሲቆርቡ ግን አይቻለሁ፤ ካባ ደርበው፣ ሚዜው ከሙሽራው በዕድሜ በልጦ፣ የልጅ ልጆች ሻማ ይዘው። እዚያ ሰርግ ላይ ወዳጄ «ዘና በሉ» ለማለት አፉን ሲከፍት ቄሱ በዓይናቸው ብቻ አስዘጉት።

አንድ ሐጂ ደግሞ የልጆቻቸውን ጥያቄ የተቀበሉት በቅድመ ሁኔታ ነው። «ኢዮቤልዩ የሚባል አላውቅም። ዱዓ ከሆነ ግን ዱዓ አይጠላም።» ስለዚህ ዱዓ ሆነ። ሰው ተጠራ፣ ጫት ተዘረጋ፣ ምርቃቱ ወረደ። ኬኩ ከጓዳ ሲወጣ ላዩ ላይ 40 የሚል ቁጥር ነበረበት። ሐጂ «ይኼ ምንድነው?» አሉ። ልጃቸው ጭንቅ አላት፤ ከዚያ «አባ፣ ዋጋው ነው» አለች። ሳቁ እስኪበርድ ቆየ፤ ኬኩን ራሳቸው ቆረሱት።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የጡረታ መምህሩና የባለቤታቸው በዓል ነው። ሃምሳኛ ዓመት። ልጆቹ ከሁለት አህጉር መጡ። በዓሉ የሚከበርበት ቀን የተወሰነው በቲኬት ዋጋ ነው፤ ምክንያቱም ወላጆቹ የተጋቡበት ቀን ላይ ራሳቸው አይስማሙም።

«መሬት ለአራሹ የታወጀ ሳምንት ነው፤ ሁዳዴ ሊገባ ሲል» አሉ መምህሩ። ይህ ማለት የካቲት 1967 ነው።

«የለም፤ ንጉሡ በቮልስዋገን የተወሰዱ ሰሞን ነው፤ ገና መስቀል ሳይደርስ» አሉ ባለቤታቸው። ይህ ደግሞ መስከረም 1967 ነው።

ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው በፈረንጅ አቆጣጠር አሰሉ። ከዚያ ጠብ ሆነ፤ አንደኛዋ 1974 ነው ትላለች፣ ወንድሟ 1975 ነው ይላል። ግብዣው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ጠፋ። እናትየው ከማድቤት ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ብቅ አሉ። «እኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንከራከር ሃምሳ ዓመት ኖርን። እናንተ በአንድ ማታ ሁለት ዓመት አደረጋችሁት!»

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሁለቱ ፎቶ ተሰቅሏል። የሰርግ ፎቶ አይደለም፤ በሰርጋቸው ካሜራ አልነበረም። በኋላ አንድ ፎቶ ቤት የሁለቱን ጉርድ ፎቶ ወስዶ፣ አጋጥሞ፣ ከኋላቸው ሐይቅና በረዶ የለበሰ ተራራ አድርጎ የሠራው ነው። እሱ ትንሽ ወደ ግራ ያያል፣ እሷ ትንሽ ወደ ቀኝ። የአንገታቸው ልክ አይገናኝም። ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ሐይቅ ዳር ተኮራርፈው ቆመዋል። ልጆቹ ይህን አውርደን በትልቅ ካንቫስ እንተካዋለን ብለው ነው እኛን የጠሩት። ለእናታቸውም ከውጭ ቬሎ አምጥተዋል።

«ይኼንን?» አሉ እናትየው፣ ቬሎውን በሁለት ጣት አንሥተው። «ያኔም አልለበስኩት። አሁን ምን ልሁን ብዬ?» ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለበሱ። ቬሎው ሶፋ ላይ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ዋለ፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ።

ፎቶው ግቢው ውስጥ ተጀመረ። ወዳጄ ያውቃል፤ ሽማግሌ ላይ አይጮኽም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እስቲ አባባን ይዩዋቸው» አለ።

«ሃምሳ ዓመት ያየሁትን ምን ልየው?»

«እሺ አባባ፣ እርስዎ ግንባራቸውን ሳም ያድርጉልኝ።»

መምህሩ ዙሪያውን አዩ። «ልጆቹ እዚህ ቆመው?»

«ልጆቹ ከየት የመጡ ይመስልሃል?» አሉ ባለቤታቸው፣ ፊታቸውን ከካሜራው ሳያነሱ።

ልጆቹ መሬት ላይ ሊወድቁ ሆነ። መምህሩ ግን አልሳሙም። ወዳጄ ተስፋ ቆርጦ «በቃ እንዳላያችሁኝ ሁኑ፤ ዝም ብላችሁ አውሩ» አለ። ሁለቱ ተያዩ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ በእንግድነት ቤቴ ገብተህ፣ ምሳ ሳትበላ፣ እንዴት ነው እንዳላየሁህ የምሆነው?» አሉት። ለዚህ ትእዛዝ ከሰማሁት መልስ ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል። ወዳጄ መልስ አልነበረውም፤ ባትሪ ሊቀይር ዞረ።

እሱ ሲዞር እናትየው የመምህሩን የሸሚዝ ኮሌታ አዩት። ተጣሟል። አፋቸውን ከፍተው መገሠጽ ጀመሩ፤ ጠዋት ነግሬህ ነበር፣ ያኛውን ሸሚዝ ልበስ ብዬህ ነበር፣ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ። መምህሩ አገጫቸውን ቀና አድርገው ኮሌታቸው እስኪስተካከል ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ብዙ ጊዜ የተላለፈ ዜና የሚያዳምጥ ሰው ትዕግሥት አለ። ወዳጄ ያቺን ቅጽበት በሁለተኛው ካሜራ አነሣት። ቤቱ ሲገባ ስክሪኑ ላይ አስፍቶ አሳየኝ፤ ለጭሮ ብቻ ሳይሆን ለኤግዚቢሽን የምትሆን ፎቶ ናት ብሎ ማለ። እኔም አመንኩት።

በማግስቱ ልጆቹ ሊመርጡ መጡ። ያቺን ፎቶ ሲያዩ ልጅቷ «ዋው» አለች፤ ወንድሟ «ይቺ ናት ካንቫስ» አለ። ለወላጆቻቸው ላኩላቸው። እናትየው ስልክ ደወሉ፤ ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«አፌን ከፍቼ ግድግዳዬ ላይ? ያ ምን ፎቶ ነው፣ ሐሜት ነው እንጂ!»

እሳቸው የመረጡት ሌላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ እጃቸውን አውርደው፣ ሌንሱን ፊት ለፊት የሚያዩበት። መምህሩ ኮት ለብሰዋል፤ ኮሌታው ተስተካክሏል። ወዳጄ ፎቶዋን እያየ ተከዘ። «ይኼ እኮ መታወቂያ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እኔ ግን ደጋግሜ አየኋት። ቦያጂያኖች ፊት የቆመ ንጉሥ ያለው ነገር አላቸው። ማን እንዳያቸው ያውቃሉ፣ ያየ ሁሉ ማንን እንዳየ እንዲያውቅም ይፈልጋሉ። ኮሌታውን ማስተካከል የማን ሥራ እንደሆነ ለእንግዳ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ባሕሩን ጎብኙ ማለት አይደለም።

ካንቫሱን ልናደርስ የሄድን ቀን ሰው ሁሉ ተበትኗል፤ ልጆቹ ተመልሰዋል። አዲሱ ፎቶ ተሰቀለ። የሐይቁ ዳር ፎቶ አልወረደም፤ ከጎኑ ነው የተሰቀለው። ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ሲቀዳ መምህሩ ወዳጄን ጠሩት።

«እግረ መንገድህን ጉርድ አንሣን። የሁለታችንም መታወቂያ ሊያልፍበት ነው።»

ወዳጄ ነጭ ጀርባ አልያዘም፤ ግድግዳው ደግሞ አረንጓዴ ነው። ሁላችንም ቤቱን አየን። ከዚያ እናትየው ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ቬሎውን አወጡት።

«ይኼስ ነጭ አይደለም እንዴ?»

እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ቬሎውን ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። መምህሩ ተቀመጡ፤ ተነሡ። ባለቤታቸው ተቀመጡ፤ ተነሡ። ማንም ዘና በሉ አላለም። ወዳጄ ካሜራውን ሲከት እናትየው ቬሎውን ከእጄ ተቀብለው እያጠፉ ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ነው።

«ደግሞ እንደዚያኛው አንድ ላይ እንዳታጋጥመን። ቀበሌ አይቀበልም።»